የነዳጅ ልቀታችን በየዓይነቱ ተለይቶ ለሕዝብ ይታወቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣው የካርቦን ልቀት በየዓመቱ ተለያይቶ እንዲታተም መጠየቅን ይመለከታል

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሙያዬ ኬሚካል መሐንዲስ ስሆን፣ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት በሲሚንቶ ፋብሪካ የምርት ክፍል ውስጥ፣ ከኪልን (የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ከሚቃጠልበት ግዙፍ ምድጃ) አጠገብ ነው። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ የቅሪተ አካል ነዳጆችን በማቃጠልና ሲሚንቶ በማምረት ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በድንጋይ ከሰል፣ በነዳጅ ዘይት፣ በተፈጥሮ ጋዝና በሲሚንቶ ምርት ተለያይቶ፣ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ፣ ማንኛውም ዜጋ አንብቦ ሊረዳው በሚችል አንድ ሰንጠረዥ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ነው። 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ በመወሰኑ፣ ለዚህ ሥራ ከአሁኑ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በቅርብ ከማውቀው ልጀምር። የሀገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ኪልናቸውን ሲያነዱ የኖሩት በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነበር። ይህ ነዳጅ ሲቀዘቅዝ እየረጋ ስለሚያስቸግር ታንከሩም ቱቦውም በእንፋሎት መሞቅ ነበረበት፤ በበርነሩ አፍ ደቅቆ እንዲረጭ ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ ስለነበረበት፣ የሌሊት ፈረቃ ተረኛ ዋነኛ ጭንቀት ይኸው ሙቀት እንዳይወርድ መጠበቅ ነበር። የነዳጅ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ግቢው ተለወጠ፤ ቦቴዎች ይራገፉበት በነበረው ቦታ የከሰል ክምር ተነሣ፣ ሎደርና የከሰል ወፍጮ መጣ፣ በሠራተኛው ፊትና ቱታ ላይ ጥቁር ብናኝ ዋለ። ክምሩ ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ ውስጥ ውስጡን እየጋለ መጨስ ስለሚጀምር፣ በሎደር እየገለበጡና እየጠቀጠቁ መጠበቅ የየዕለት ሥራ ሆነ።

ከኪልኑ የሚወጣው ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) በሁለቱም ነዳጅ ያው ክሊንከር ነው፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ግን እኩል አይደለም። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ላይ በተሰጠው መነሻ ስሌት፣ አንድ ጊጋ ጁል ሙቀት ለማግኘት ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቃጠል 77.4 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጥሩ ደረጃ ያለው የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ግን 94.6፣ ሊግናይት የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከሰል ሲቃጠል ደግሞ 101 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ነጭ ናፍጣ 74.1፣ ቤንዚን 69.3፣ የተፈጥሮ ጋዝ 56.1 ናቸው። ልዩነቱን በዋናነት የሚወስነው በየነዳጁ ውስጥ ካርቦኑ ከሃይድሮጅኑ ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ ሃይድሮጅኑ በበዛ ቁጥር ከሙቀቱ የበለጠ ድርሻ የሚገኘው ውሃ ሆኖ ከሚወጣው ክፍል ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ለማምረት 3.5 ጊጋ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል ብለን ብናሰላ፣ በጥቁር ናፍጣ 271 ኪሎ ግራም የነበረው የነዳጅ ልቀት በድንጋይ ከሰል ወደ 331 ከፍ ይላል። ይህም የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሚለቀው ግማሽ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ነው፤ እሱ ከነዳጅ ሳይሆን ከድንጋዩ ስለሚመጣ በማንኛውም የነዳጅ ለውጥ አይቀንስም፣ አይጨምርምም።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ለውጥ በአንድ ሀገር ኢንዱስትሪ ውስጥ ሲካሄድ፣ በሀገሪቱ ጠቅላላ የልቀት ቁጥር ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን የሀገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ሲያሰላ፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብት ርባታና ከደን መመናመን የሚመጣ እንደሆነ፣ ትራንስፖርትና ኢንዱስትሪ ግን እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚይዙ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተሻሻለው የሀገራችን የፓሪስ ስምምነት ቃል ኪዳን መሠረትም፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በ2030 ወደ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል የተባለውን ልቀት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ታቅዷል። በእነዚህ ግዙፍ ቁጥሮች ውስጥ የፋብሪካዎች ከጥቁር ናፍጣ ወደ ከሰል መዞር፣ የመኪኖች ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ መዞር፣ የጋዝ መምጣት፣ ሁሉም የመቶኛ ክፍልፋይ ሆነው ይጠፋሉ። አንድ ጥሩ ዝናብ የዘነበበት ወይም ብዙ ደን የተመነጠረበት ዓመት ብቻውን ሁሉንም ይሸፍናቸዋል።

የዓለምን ታሪክ ስናይ ጠቅላላ ድምር ምን ያህል እንደሚደብቅ የበለጠ ይገለጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዓለም ከነዳጅ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 200 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ 2 ቢሊዮን፣ በ1950 ወደ 6 ቢሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ደረሰ። በአንድ መስመር ቢሣል ዳገት ብቻ የሚታይበት ታሪክ ነው። በነዳጅ ዓይነት ሲከፈል ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዘይት ድርሻ በፍጥነት እያደገ ሄዶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ልቀት አለፈ። በ1973 እና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ቀውሶች ሲመጡ የዘይቱ ዓምድ ሲያጎነብስ ይታያል፤ በተለይ ከሁለተኛው ቀውስ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት ሲወርድ ከሰሉ ግን ማደጉን ቀጠለ። ከዚያም ዘይት በቀዳሚነት ቆይቶ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ከሰል ተመልሶ አለፈው። ይህን ያደረገው በዋናነት የቻይና የኤሌክትሪክ፣ የብረትና የሲሚንቶ ምርት መስፋፋት ሲሆን፣ ቻይና ዛሬ ከዓለም የድንጋይ ከሰል ፍጆታ ከግማሽ በላዩን ትይዛለች። በአሁኑ ጊዜ ከዓለም የነዳጅና የሲሚንቶ ልቀት ውስጥ 41 በመቶ ያህሉ ከከሰል፣ 32 በመቶው ከዘይት፣ 21 በመቶው ከጋዝ፣ 4 በመቶው ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ከሰልን የባቡርና የእንፋሎት ዘመን ነዳጅ አድርጎ ያስባል፤ በልቀት ግን ዛሬም አንደኛ ነው።

ሁለት ሀገሮችን ነጥዬ ልጥቀስ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኤሌክትሪኩ 40 በመቶ ገደማ ከድንጋይ ከሰል ይመነጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ራትክሊፍ ኦን ሶር የተባለው የመጨረሻው የከሰል ኃይል ማመንጫ ተዘጋ። የለንደኑ ሆልበርን ቫያደክት የከሰል ማመንጫ በ1882 ሥራ ከጀመረ 142 ዓመት መሆኑ ነው። የብሪታንያ የቤት ማሞቂያ በአብዛኛው በጋዝ፣ መኪናዋም በአብዛኛው በዘይት መሆኑ ግን እንደቀጠለ ነው፤ ስለዚህ ስኬቱ የት እንደሆነና ሥራው የት እንደቀረ የሚያውቀው ዓምዶቹን ለየብቻ ያየ ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከከሰል የሚወጣው ልቀት ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ከጋዝ የሚወጣው ግን በአንጻሩ ጨምሯል፤ ምክንያቱም ከሼል አለት የሚወጣው ርካሽ ጋዝ በኃይል ማመንጫዎች ውስጥ የከሰልን ቦታ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በጋዝ የመነጨው ኤሌክትሪክ በከሰል ከመነጨው በለጠ። የአሜሪካ ጠቅላላ ልቀት ቀነሰ ብሎ ዝም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የቀነሰው አንዱ የቅሪተ አካል ነዳጅ ሌላውን ስለተካ ምን ያህል ነው፣ በነፋስና በፀሐይ ኃይል ምክንያትስ ምን ያህል ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ክፍፍሉ ነው።

ወደ ሀገራችን ስመለስ፣ ዛሬ በሦስቱም ነዳጆች ላይ በአንድ ጊዜ ለውጥ እየተካሄደ ያለበት ዘመን ላይ ነን። በዘይት በኩል፣ ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ሆኖ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ይህ አቅም ከፍ ብሏል፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወስኗል። ይህ ሁሉ በቤንዚኑ መስመር ላይ መታየት አለበት። ይሁን እንጂ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣውን ጭነት አብዛኛውን የሚያነሣው ከባድ መኪና የሚሄደው በናፍጣ ነው። 45 ሺህ ሊትር ነጭ ናፍጣ የጫነ አንድ ቦቴ ተራግፎ ነዳጁ ሲቃጠል 120 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የቤንዚኑ መስመር ሲያጎነብስ የናፍጣው ሽቅብ ቢሄድ፣ ፖሊሲው የት ላይ እንደሠራና የት ላይ እንዳልደረሰ ያን ጊዜ በግልጽ ይታወቃል። ሁለቱ ተደምረው «ትራንስፖርት» በሚል አንድ ቃል ሥር ከቀረቡ ግን አይታወቅም። የናፍጣው መስመር ስለ ዝናብም ይናገራል፤ በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ አንሶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ በሚታደልበት ወቅት በየፋብሪካውና በየሱቁ በር ላይ ሲያጓራ የነበረው ጄኔሬተር የሚጠጣው ናፍጣ ነበር።

በከሰል በኩል ደግሞ ሁኔታው የተወሳሰበ ነው። መንግሥት ከደቡብ አፍሪካ ይመጣ የነበረውን ከሰል በሀገር ውስጥ ምርት ለመተካት የያዘው አቅጣጫ ከውጭ ምንዛሪ አንጻር የሚደገፍ ነው፤ በያዩ፣ በዳውሮ፣ በጭልጋና በሌሎችም ቦታዎች ክምችት እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። የሀገር ውስጡ ከሰል ግን በአመዛኙ እርጥበቱና አመዱ ከፍ ያለ፣ ካሎሪው (ሲቃጠል የሚሰጠው የሙቀት መጠን) ዝቅ ያለ ነው፤ የማጠቢያ ፋብሪካዎች ያስፈለጉትም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አጥብቄ የማሳስበው ነጥብ አለ። በቶን 25 ጊጋ ጁል ሙቀት የሚሰጥ ከሰል ሲቃጠል 2.4 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ 17 ጊጋ ጁል ብቻ የሚሰጠው ደግሞ 1.6 ወይም 1.7 ቶን ያህል ይለቃል። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ኪልኑ የሚፈልገው ግን ሙቀት እንጂ ቶን አይደለም፤ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት አንድ ቶን ተኩል ያህል ማቃጠል ግድ ስለሚሆን ልቀቱ እኩል ወይም የበለጠ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም በፋብሪካ በር ላይ የሚመዘነው ክብደት ብቻ ሳይሆን በቤተ ሙከራ የሚለካው ካሎሪም ተመዝግቦ ካልተላለፈ፣ የከሰሉ ዓምድ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ይሆናል። ይህ ልኬት አዲስ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ማንኛውም ፋብሪካ ከሰል ሲረከብ ዋጋ የሚከፍለው በካሎሪው ስለሆነ መረጃው በየጥራት ክፍሉ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ሦስተኛው ጋዝ ነው። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። በሰንጠረዡ ላይ ለዘመናት ባዶ ሆኖ የቆየ ዓምድ አሁን መሞላት ይጀምራል ማለት ነው። ጋዙ ጥቁር ናፍጣን ወይም ከሰልን ከተካ ልቀት ይቀንሳል፤ በእነሱ ላይ ከተጨመረ ግን ልቀቱም ይጨመራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሦስቱን ዓምዶች ጎን ለጎን በማየት ነው። ከዚህ ጋር፣ ከጉድጓድና ከቱቦ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሜቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) ለብቻው መመዝገብ አለበት፤ ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲታይ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ የማሞቅ ኃይል ስላለው፣ ጥቂት መቶኛ ቢያመልጥ ከከሰል ይሻላል የተባለበትን ጥቅም ያጠፋዋል። አንድ ዓምድ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በትክክል ለመያዝ ዕድል የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ የጋዙ ጉዳይ እንዲህ ያለ ዕድል ነው።

ሥራው ከባድ አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ነገር እጠቅሳለሁ። አንደኛ፣ በይነ መንግሥታቱ ፓነል በሚያዘው አሠራር ማንኛውም ሀገር ልቀቱን በዘርፍ ካሰላ በኋላ ማረጋገጫ እንዲሆነው በነዳጅ ዓይነትም ያሰላል፤ ምርትና ከውጭ የገባ ይደመራል፣ ወደ ውጭ የወጣ፣ ለዓለም አቀፍ በረራ የተቀዳና በመጋዘን የተጨመረ ይቀነሳል፣ ቀሪው በየነዳጁ የካርቦን መጠን ይባዛል። እኔ የምለምነው ይህ የማረጋገጫ ስሌት ከሪፖርት አባሪነት ወጥቶ ሕዝብ ፊት እንዲቀርብ ነው። ሁለተኛ፣ የነዳጅ ዋጋ ሲከለስ ቤንዚን፣ ነጭ ናፍጣ፣ ኬሮሲን፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ እያንዳንዳቸው በስማቸው ተዘርዝረው በሊትር ይነገራሉ፤ የታክሲ ሹፌሩም የወፍጮ ቤት ባለቤቱም የሚመለከተውን ረድፍ ለይቶ ያነባል። ዋጋውን በዚህ ዝርዝር ማንበብ የለመደ ሕዝብ ልቀቱንም በዚያው ዝርዝር ማንበብ አያቅተውም።

በርግጥ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ፤ ባለሙያዎቹ ከእኔ በላይ እንደሚያውቋቸው አልጠራጠርም። የነዳጅ ግዥ መረጃ የሚያዘው በበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ሪፖርት የሚጠየቀው በጎርጎርዮሳዊው ዘመን ስለሆነ፣ መረጃው በወር ተከፋፍሎ ካልተያዘ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ግማሽ ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላል። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ይሠራ በነበረበት ዘመን ድፍድፍ ነዳጅ እየተጣራ ይመጣ ስለነበር፣ የኤርትራ መለየትም በመካከሉ ስላለ፣ የኋላው ዘመን ተከታታይ ቁጥር ማብራሪያ ይፈልጋል። ወደ ጎረቤት ሀገር በኮንትሮባንድ የሚወጣ ነዳጅ በሽያጭ መዝገብ እዚህ እንደተቃጠለ ይቆጠራል። አንዳንድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዦች ደግሞ የሚቆጥሩት ካርቦኑን ብቻ ሲሆን ሌሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው፤ አንዱ ከሌላው በ3.67 እጥፍ ስለሚለያይ መለኪያው በሰንጠረዡ አናት ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። እነዚህ ሁሉ በግርጌ ማስታወሻ የሚገለጹ ናቸው እንጂ ሕትመቱን የሚያስቀሩ አይደሉም።

ምናልባት «የእኛ ልቀት በነፍስ ወከፍ ከ0.2 ቶን በታች ነው፣ የዓለም አማካይ ግን 4.7 ቶን ገደማ ነው፤ ያበላሹት ሌሎች ሆነው ሳለ ስለ ራሳችን ጥቂት ጭስ ይህን ያህል ለምን እንጨነቃለን» የሚል ሰው ይኖራል። ፍትሐዊ ስሜት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ሆኖም ሰንጠረዡን የምፈልገው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። የፋብሪካ ዕድሜ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ዛሬ በከሰል ላይ ተመሥርቶ የሚተከል ኪልን የልጆቻችንን ልቀት አሁን ይወስናል። ደግሞም እኛ ቁጥራችንን በራሳችን እጅ ካላወጣን ቁጥሩ ሳይወጣ አይቀርም፤ የውጭ ተቋማት ከንግድ መዝገብና ከግምት ተነሥተው ያወጡታል፤ የሀገር ውስጡን ከሰል ካሎሪ ሳያውቁ፣ በደቡብ አፍሪካው ሚዛን ያሰሉታል። በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ልዑካኖቻችን ድጋፍ ሲጠይቁ ከዘይት ምን ያህል እንደወጣን፣ ወደ ከሰልስ ለምን እንደተገደድን በዓመትና በነዳጅ ለይተው ማስረዳት ቢችሉ ጥያቄያቸው ሊታለፍ የማይችል ክብደት ይኖረዋል።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ከጉባኤው በፊት የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ እንዲያወጡ፤ ሰንጠረዡም መረጃው እስከሚገኝበት የኋላ ዘመን ድረስ እየሄደ ከሰልን ከሀገር ውስጥና ከውጭ የመጣ ብሎ፣ ዘይትን በየምርቱ፣ ጋዝን ከሜቴን ማምለጫው ጋር፣ ሲሚንቶን ከነዳጁ ለይቶ እንዲያሳይ፤ ቁጥር ሲታረም የታረመበት ቀንና ምክንያት አብሮ እንዲጻፍ፤ በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን የሥራ ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎችን የከሰል ካሎሪ መዝገብ ወጥ በሆነ ቅጽ ለመሰብሰብ የሚያስችል ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ቢፈልጉት ያለ ምንም ክፍያ አቀርባለሁ፤ በቅጹ አሞላል ላይ የፋብሪካ ባለሙያዎችን ለማሠልጠንም ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ኬሚካል መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለማዕድን ሚኒስቴር
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለሲሚንቶ አምራች ድርጅቶች